ከዝዋይ እስከ ሻላ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄዱ የሦስት ቀን የሐይቆች ጉዞ እንዴት ታቀናጃላችሁ

ላንጋኖ ደርሶ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ዝዋይ ዓሣ በልቶ የተመለሰም እንደዚያው። ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አቢጃታንና ሻላን፣ አራቱን ሐይቆች በአንድ ጉዞ፣ በተራቸው ያየ ሰው ግን እኔ ከማውቃቸው ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። እኔም ለዓመታት ስመላለስ እያንዳንዱ ለብቻው የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዘመዳሞች ናቸው። መቂና ከታር የሚባሉት ወንዞች ዝዋይን ይሞላሉ። ከዝዋይ ደግሞ ቡልቡላ ወንዝ ይወጣና ወደ አቢጃታ ይወርዳል። ላንጋኖም ትርፍ ውሃውን በሆራ ቀሎ ወንዝ አድርጎ ወደዚያው አቢጃታ ይሰዳል። ሻላ ብቻ አጠገባቸው ሆኖ ራሱን ችሎ ይኖራል። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን አራቱም አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ሲሞላም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር።

ስለዚህ ጉዟችሁን ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ አቅዱት። መጀመሪያ ዝዋይ፣ ቀጥሎ ላንጋኖ፣ መጨረሻ አቢጃታና ሻላ። መንገዱም በዚሁ ተራ ነው የሚወስዳችሁ። ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ይበቃል። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁም ይቻላል፣ ግን አንዱን ሐይቅ በመስኮት አይታችሁ ታልፋላችሁ።

አንደኛ፦ ቀኑን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ዝናብ የለም፣ መሬቱ ደርቋል፣ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎችም በዚያን ጊዜ ሐይቆቹ ዳር ይከርማሉ። መጋቢትና ሚያዝያም አይከፋም፣ ቀኑ ግን ይሞቃል። ክረምት ላይ የአቢጃታ-ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም። ክረምቱ አልፎ ወባ የሚበዛው ከመስከረም እስከ ኅዳር መሆኑንም አትርሱ። በእነዚህ ወራት የምትሄዱ ከሆነ አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት የግድ ነው። ከውጭ አገር የምትመጡ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ስለ ወባ መድኃኒት አነጋግሩ።

በዓል ላይ ተጠንቀቁ። የዛሬ ስንት ዓመት ለፋሲካ ማግስት ቤተሰቡን ሰብስቤ፣ ምንም ሳላስይዝ፣ "ስንደርስ እናገኛለን" ብዬ ላንጋኖ ገባሁ። አንዱ ጋ ሞልቷል፣ ሌላው ጋ ሞልቷል፣ ሦስተኛው በር ላይ ዘበኛው ገና ከመኪና ሳልወርድ እጁን አወዛወዘልኝ። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ "ልጄ፣ ልጆቹ ይራባቸዋል እኮ" ስትል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሁለት ልጆች፣ አንዲት አሮጊትና አንድ ሙሉ የዶሮ ወጥ ድስት ይዘን ሌሊቱን መኪና ውስጥ አደርን። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ላይ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አስይዙ። ማክሰኞና ረቡዕ መሄድ የምትችሉ ደግሞ እድለኞች ናችሁ፤ ዳርቻው የእናንተ ብቻ ነው። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር በዚያ ቅዳሜና እሁድ መንገዱ እጅግ ይጨናነቃል። በዓሉን ለማክበር ካልሆነ በስተቀር ሌላ ቀን ምረጡ።

ሁለተኛ፦ ማደሪያውን አንድ ቦታ አድርጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየሐይቁ አንድ ሌሊት እናድራለን ይልና ቀኑ ሻንጣ በመፍታትና በማሰር ያልቃል። ላንጋኖ መሐል ላይ ነው። ሁለቱንም ሌሊት እዚያ እደሩ። ከዚያ ወደ ዝዋይም ወደ ፓርኩም ቅርብ ነው።

ስትደውሉ ዋጋውን ብቻ ጠይቃችሁ ስልኩን አትዝጉ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ? እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ሙቅ ውሃ አለ? አልጋው ላይ አጎበር ተሰቅሏል? ምግብ ከውጭ ማስገባት ይፈቀዳል? ቁርስ ዋጋው ውስጥ ነው? ልጆች ይከፍላሉ? ከዋናው መንገድ ከተገነጠለ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ አለው፣ ትንሽ መኪና ይገባል? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ያሉት ማደሪያዎች ጫካ ውስጥ ናቸው፣ በጣም ያምራሉ፣ ግን የሚያስገባው መንገድ ረጅምና አስቸጋሪ ነው። በምዕራብ በኩል ያሉት ለአስፋልቱ ይቀርባሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆች ጋር ከሆነ ምዕራቡን እመርጣለሁ።

ቀብድ ስትከፍሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፣ ደረሰኙን ስክሪንሹት አንስታችሁ አስቀምጡ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ደግሞ ደውላችሁ አረጋግጡ። ድንኳን ያላችሁ ሰዎች ድንኳን መትከያ ቦታ ያላቸውን ጠይቁ፤ ከክፍል በብዙ ይቀንሳል። ከውጭ የመጣችሁና ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ካርዱን ያዙ። ለውጭ ዜጋና ለአገር ሰው ዋጋው የሚለያይበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አሳይታችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ መጓጓዣ

ከአዲስ አበባ ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል (ባቱ ማለት የዝዋይ ከተማ ነው፤ ሁለቱንም ስም ትሰማላችሁ)። ላንጋኖ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዳማው ፈጣን መንገድ ወጥታችሁ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ፤ ከሞጆ በመቂ በኩል እስከ ባቱ አዲሱ ፈጣን መንገድ አለ። አሮጌው መንገድ በቆቃና በዓለም ጤና በኩል ይሄዳል፤ ከተማ ለከተማ ስለሆነ ይዘገያል፣ ባጃጅና አህያም ይበዛበታል።

መኪና ከሌላችሁ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዳችሁ የባቱን ወይም የሻሸመኔን መኪና ያዙ። ላንጋኖ ለመውረድ ለረዳቱ አስቀድማችሁ ንገሩት። ችግሩ ከመገንጠያው እስከ ሐይቁ ነው፤ ባጃጅ ሊጠፋ ይችላል። ማደሪያው መኪና ልኮ ይቀበላችሁ እንደሆነ ስትደውሉ ጠይቁ። ለፓርኩ ግን መኪና ያስፈልጋል። አራት አምስት ሆናችሁ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ለሦስት ቀን ብትኮናተሩ ለየሰዉ ሲካፈል ያን ያህል አይከብድም። ከሹፌሩ ጋር ነዳጅ፣ አበልና አዳር በማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሰሞን ከተጓዘ ሰው ወይም ከምታድሩበት ቦታ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። በቀን ብቻ ተጓዙ። ይሄ ላይ አልደራደርም።

አራተኛ፦ የምትይዙት

ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ዝርዝር። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም፣ ጀልባ ቀዛፊውና የፓርኩ አስጎብኚ ደግሞ እጅ በእጅ ነው የሚቀበሉት። ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ለማታ ሹራብ። የእጅ ባትሪ። የሚጠጣ ውሃ በካርቶን። አቅራቢ መነጽር ያለው ሰው ካለ ተበደሩ፤ ፍላሚንጎ በዓይን ብቻ ሲታይ ሮዝ መስመር ነው፣ በመነጽር ሲታይ ግን አንገቱን ቆልምሞ ጭቃውን ሲያጣራ ታያላችሁ። ላይፍ ጃኬት በልጆች ልክ ማግኘት ከቻላችሁ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ጀልባዎቹ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የትልቅ ሰው ነው። ነጠላም ያዙ፤ ደሴት ከገባችሁ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ጥቂት ኦሮምኛ ተለማመዱ። "አካም" (ሰላምታ ነው) እና "ገለቶማ" (ምስጋና ነው) ብቻ ብትሉ እንኳ የሰዉ ፊት ሲፈታ ታያላችሁ።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን፣ ዝዋይ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ውጡ። ቁርስ እንዳትበሉ። ባቱ ደርሳችሁ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ሂዱ። ጠዋት ላይ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ይመለሳሉ። አንድ ልጅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በጅራቱ ይዞ፣ ቅርፊቱን ሁለት ጊዜ ይፍቀውና፣ ከጭንቅላቱ ሥር ቢላዋውን አስገብቶ እስከ ጅራቱ በአንድ ትንፋሽ ይስበዋል። ገልብጦ ሌላውን ጎን እንደዚያው። አጥንቱ ወደ ኋላ ይወረወራል። ከኋላው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ ሆነው፣ እንደ እድር ሽማግሌ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አጥንቱ መሬት ሳይደርስ ይቀለባል። ፔሊካኖቹ ደግሞ ውሃው ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ልጆቼ ከጉዞው ሁሉ እስካሁን የሚያወሩት ይሄንን ነው። ልጆቹን ግን ከአባ ኮዳ አፍ አርቋቸው፣ ምንቃሩ ቀልድ አያውቅም።

ዓሣውን እዚያው አካባቢ ጥብስ፣ ለብለብ ወይም ጉላሽ አሠርታችሁ ብሉ። ቆሮሶ ለጥብስ፣ አምባዛ ለጉላሽ።

ከዚያ ጀልባ። ዋጋ ስትስማሙ በሰው ሳይሆን በጀልባ ተነጋገሩ፤ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የት የት እንደሚደርስ፣ የሚጠብቅበት ጊዜ ዋጋው ውስጥ መሆኑን ቁርጥ አድርጉ። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ካልደረሰ አትሳፈሩ። አንድ ሰዓት ያህል ዞር ዞር ብላችሁ ጉማሬና ወፍ አይታችሁ ብትመለሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። ጉማሬ ስታዩ ቀዛፊውን "ቅረብ ቅረብ" አትበሉት።

ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁና ሩቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ስሙ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። እዚያ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አሽሽተው ያቆዩባት ናት ይላል የአገሬው ትውፊት። በደሴቶቹ የኖሩት ዛዮች ናቸው፤ ቋንቋቸው ከስልጢኛና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። ቱሉ ጉዶን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ዕቅዱ ይለወጣል፦ አንድ ሌሊት ጨምሩና የመጀመሪያዋን ቀን ባቱ እደሩ፣ በማግስቱ ማለዳ ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ማዕበል ያወጣል። ጠልቆ አይደለም፤ ዝዋይ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ግን ሰፊ ነው፣ ነፋሱን የሚከልል ነገር የለውም።

ዝዋይ ውስጥ አትዋኙ፣ ልጆችም እግራቸውን እንዲነክሩ አትፍቀዱ። ቢልሃርዚያ አለበት። ለመዋኘት ነገ ላንጋኖ አለላችሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ላንጋኖ ስትነዱ አዳሚ ቱሉን አልፋችሁ ቡልቡላ ከተማ ላይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ቀስ በሉ፣ ከተቻለም ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ጠዋት ጀልባ የሄዳችሁበት ሐይቅ ውሃ ነው በሥራችሁ የሚያልፈው። ምን ያህል እንደሆነ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ይጠቅማችኋል።

ስድስተኛ፦ ሁለተኛው ቀን፣ ላንጋኖ

ውሃውን ስታዩ ትደነግጡ ይሆናል። ቡናማ ነው፣ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ቆሻሻ አይደለም። በጣም የደቀቀ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው። ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ የሚዋኝበትም እሱ ነው፤ ለዚህም ነው አዲስ አበቤ ከጥንት ጀምሮ የሚጎርፍበት።

ጠዋት ዋኙ። እስከ 5 ሰዓት ድረስ ውሃው እንደ መስታወት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይመጣና ማዕበል ይመታል። ከመግባታችሁ በፊት ማደሪያው የከለለውን የመዋኛ ቦታ ጠይቁ፣ ከዚያ አትውጡ። ውሃው ስለማያሳይ ልጅ ከጠለቀ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ደንብ አለን፦ ልጆች ውሃ ውስጥ እስካሉ አንድ ትልቅ ሰው ቆሞ ያያል፣ ስልክ አይዝም፣ አያወራም፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተራ ይለዋወጣል። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ቢራ የጠጣ ሰው አይዋኝም፣ አይጠብቅምም።

የቀረውን ቀን አታጣብቡት። ግራር ሥር ምንጣፍ አንጥፉ፣ ቡና አፍሉ፣ ተኙ። ዕረፍት ነው የመጣችሁት። ማታ በጊዜ ግቡ፣ ነገ ማልዳችሁ ትነሳላችሁ።

ሰባተኛ፦ ሦስተኛው ቀን፣ አቢጃታና ሻላ

12 ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣችሁን ጭናችሁ ውጡ። ሁለተኛው ድልድይ እዚህ ነው፦ ሆራ ቀሎ። የላንጋኖ ውሃ አስፋልቱን በሥሩ አቋርጦ ወደ አቢጃታ ይሄዳል። የፓርኩ መግቢያ ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ በቀኝ በኩል ነው። በር ላይ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ የመኪናም አለ፤ መሣሪያ የያዘ ስካውትም (የፓርኩ ጠባቂ) አብሯችሁ ይገባል። ስካውቱን እንደ ተጨማሪ ወጪ አትዩት። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው። በሩ አጠገብ ሰጎንና የሜዳ ፍየል አለ፤ ከርከሮም ጅራቱን እንደ አንቴና አቁሞ ሲሮጥ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ሁለቱም ሐይቆች ወደሚታዩበት ኮረብታ ውጡ። በአንድ በኩል አቢጃታ፣ ገርጣ ብሎ፣ ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኖ። በሌላው በኩል ሻላ፣ ጥቁር ሰማያዊ። መሐላቸው ፍቄ ተራራ የቆመበት ቀጭን መሬት ብቻ ነው ያለው። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። አቢጃታ ደግሞ ከዳር ጀምሮ ረጅም መንገድ ቢሄዱበት ጉልበት የማይደርስ ጠፍጣፋ ሐይቅ ነው።

ከዚያ ወደ አቢጃታ ዳር ውረዱ። መኪናችሁን ስካውቱ "እዚህ ይቁም" ያለበት ቦታ ላይ አቁሙ። ነጩ መሬት የደረቀ ይመስላል፣ ከላይ ቅርፊት አለው፣ ሥሩ ግን ጭቃ ነው። አንድ ጊዜ "ትንሽ ብቻ ልጠጋ" ብዬ ስካውቱ "ጋሼ ተው" እያለኝ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ገባሁ፤ የኋላው ጎማ እስከ መሐሉ ሰመጠ። ለማውጣት ስድስት ልጅና ሁለት ሰዓት ፈጀ። በእግር ሂዱ። ፀሐዩ ሳይከር ነው ፍላሚንጎዎቹ በደንብ የሚታዩት፣ ለዚህም ነው ማልዳችሁ ውጡ ያልኳችሁ። አትሩጡባቸው። ልጆች እንዲበሩ ብለው ያባርሯቸዋል፣ ፎቶ ያምራልና አንዳንድ ትልቅ ሰውም ያደርገዋል። በተነሱ ቁጥር የሚበሉበት ጊዜ ነው የሚጠፋው።

አሁን ቡልቡላ ድልድይ ላይ ያያችሁትን ውሃ አስታውሱ። የቆማችሁበት ነጭ ሜዳ ትናንት ሐይቅ ነበር። ስካውቱን ጠይቁት፣ ልጅ ሆኖ ውሃው የት ድረስ ይደርስ እንደነበር በጣቱ ያሳያችኋል። ዝዋይ ዙሪያ ውሃ ለመስኖ ሲሳብ ቡልቡላ ይቀጥናል፤ ቡልቡላ ሲቀጥን አቢጃታ ይሸሻል። ከራሱ ከአቢጃታም ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ማምረቻ ውሃ ሲሳብ ኖሯል። ፓርኩ ከ887 ካሬ ኪሎ ሜትሩ 482ቱ ውሃ ነው ተብሎ የተመዘገበ ነው። ዛሬ ከዚያ ውስጥ በእግር የሚኬድበት ብዙ ነው። ውሃው ጨዋማ እየሆነ ሲሄድ ዓሣው አለቀ፤ ሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ድሮ ምግባቸውን የሚያመጡት ከዚህ ነበር፣ አሁን ርቀው ይሄዳሉ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። አንድ ሐይቅ ብቻ ያየ ሰው ግን አይታየውም፣ ለዚህ ነው በተራ ሂዱ የምለው።

መጨረሻ ሻላ ዳር ያለው ፍል ውሃ ነው። እንቁላል ይዛችሁ ሂዱ። የአካባቢው ልጆች በቆሎ ይቀቅሉበታል፣ እኛም እንቁላሉን በፌስታል አሥረን ከትተን ጨው ነስንሰን በላን። ውሃው የሚፈላ ስለሆነ ልጆችን እጃቸውን ይዛችሁ፣ ስካውቱ በረገጠበት ብቻ እርገጡ። ሻላ ውስጥ ለመዋኘት አትሞክሩ፤ ከዳሩ ትንሽ እንደራቃችሁ መሬቱ ይከዳችኋል።

ያመጣችሁትን ፌስታልና ፕላስቲክ ጠርሙስ መልሳችሁ ጫኑ። እዚያ የሚያነሳው የለም።

ስምንተኛ፦ መመለሻ

ቢዘገይ እስከ 7 ሰዓት ከፓርኩ ውጡ፣ ሳይመሽ ቤታችሁ ትደርሳላችሁ። እሁድ ከሆነ ከዚያም ቀደም በሉ፣ ማታ ላይ ወደ አዲስ አበባ መግቢያው ይጨናነቃል። ምሳ ባቱ ላይ በድጋሚ ዓሣ ነው። ከዚያ ፈጣኑን መንገድ ትታችሁ እስከ መቂ በአሮጌው ሂዱ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ፓፓያ መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ቲማቲሙን ከላይ ያለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ሣጥኑን ወደ ታች ገልበጥ አድርጉና እዩ፤ መኪና ላይ ስትጭኑም ከሻንጣው በላይ አድርጉት።